ለአንድ ዓመት የሚሽን አገልግሎት ድጋፍ ስናሰባስብ የተማርነው

ባለፈው ጥር ከቻድ ከተመለስን ወዲህ ያገኘን ሰው ሁሉ መጀመሪያ ስለ ሙቀቱ ይጠይቀናል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ ያደርግና ዋናውን ያመጣል፦ «ለመሆኑ ገንዘቡን ከየት አመጣችሁት?» አብዛኞቹ እንደ እኛ ልጆች ያሏቸው፣ ጥሪ አለብን የሚሉ፣ ግን ደመወዛቸው ከወር ወር የማያደርስ ባለትዳሮች ናቸው። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማወራ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

የምንኖረው ሀዋሳ ነው። ባለቤቴ ጤና መኮንን ነው፤ እኔ ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሁለት ልጆች አሉን። የቻድ ዋና ከተማ ንጃሜና ያለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን ክሊኒኳ ውስጥ የሚሠራና ሠራተኞቿን የሚያሠለጥን ሰው ፈልጋ ለአንድ ዓመት ጠራችን። የጥሪ ደብዳቤው ስለ ሥራው በደንብ ያወራል፤ ስለ ቀለብ ግን ምንም አይልም። አጥቢያችን ደግሞ በደስታ «እንልካችኋለን» አለን። መላክ ሲባል እጅ ጭኖ መጸለይ ብቻ ይሁን ወይስ የወር ወጪ መቻልንም ይጨምር፣ ማንም አልጠየቀም። እናንተ ጠይቁ። አጥቢያው በወር ይህን ያህል ይችላል፣ የቀረውን ቤተሰቡ ያሰባስባል፣ ሰው ቢታመም ወይም አገሩ ቢታመስ ለመመለሻ የሚሆነው ገንዘብ እገሌ ዘንድ ይቀመጣል ተብሎ ቃለ ጉባኤ ይያዝበት። ሽማግሌዎች እንዲህ ሲባሉ ቅር የሚላቸው ይመስለን ነበር። እንዲያውም እፎይ አሉ።

መጀመሪያ የገጠመን የሰው ግራ መጋባት ነው። በእኛ አገር ሚሽነሪ ሲባል በሰው ዓይን ላይ የሚመጣው ላንድክሩዘር የሚነዳ ፈረንጅ ነው፤ ክሊኒክ የሚከፍት፣ ትምህርት ቤት የሚሠራ። ሚሽነሪ ገንዘብ ያመጣል እንጂ ይለምናል እንዴ? ይህን ፊት ለፊት ያለን ሰው አለ። ሌላው ደግሞ «በዚያው በሊቢያ አድርገው ጣሊያን ሊገቡ ነው» ብሎ በሆዱ ይይዛል። የባለቤቴ አጎት በሆዳቸው አላስቀሩትም፤ ቡና ላይ ዘረገፉት። ሳቅን፣ ግን ሌላውም እንደዚያው እንደሚያስብ ያወቅነው ያኔ ነው።

እዚህ ላይ የደረሱልን አማቴ ናቸው። ያደጉት ወላይታ ሶዶ ነው። ኤስአይኤም የሚባለው የውጭ ሚሽን ድርጅት ሚሽነሪዎች ወላይታ የገቡት በ1920 ዓ.ም. ነው፤ ጣሊያን በ1929 ሲያስወጣቸው ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች 48 ያህል ነበሩ። ከጣሊያን በኋላ ሲመለሱ 10 ሺህ ያህል ሆነው ጠበቋቸው። የወላይታ ወንጌላውያን ወደ ጎረቤት ሕዝቦች ሲሠማሩም አጥቢያዎቹ ከጓዳቸው ቅቤና እህል እያወጡ ነው ያኖሯቸው። አማቴ ይህን ከእናታቸው ጓዳ ያውቁታል፤ የወንጌላዊው ቅቤ ለብቻው ይቀመጥ ነበር ይላሉ። ከዚያ ወዲህ ሰው ቤት ስንሄድ ወሬውን ከቻድ መጀመር ተውን። ከሶዶ ጀመርን። ሰው የሚያውቀውን ነገር ሲሰማ «ታዲያ እናንተስ ስንት ነው የጎደላችሁ?» ለማለት ይቀለዋል።

ማሰባሰቡን የጀመርነው በ2016 ከፋሲካ በኋላ ነው። ኮሚቴ ተቋቋመ፣ አንድ እሁድ ቃል መግቢያ ካርድ ታደለ። መዘምራኑ ዘምረው፣ ፓስተሩ ሰብከው ቤቱ ሞቆ ነበር። ካርዱ ተሞልቶ ሲሰበሰብ ድምሩ ከሚያስፈልገን በለጠ። ሁለት ወር አልፎ የባንክ ሂሳቡን ስናይ የገባው ሲሶውን እንኳ አይሞላም። ሰው ዋሽቶ አይደለም። ካርዱ ላይ ስም እንጂ ስልክ የለም። በየወሩ ይሁን በአንዴ አልተለየም። የትኛው ሂሳብ ውስጥ እንደሚገባም አልተጻፈም። ማክሰኞ ሲደርስ የቤት ኪራይ ትዝ ያለውን ሰው ማን ይወቅሰዋል? ካርድ ካደላችሁ ስልኩን፣ መጠኑን፣ የሚጀምርበትን ወርና ደመወዝ የሚቀበልበትን ቀን አጽፉ። ቃል የተገባውን ደግሞ እንደ ገቢ አትመዝግቡት። በዚህ እንኳ እመኑኝ፣ ሙያዬ ነው።

ከዚያ የእራት ፕሮግራም ተዘጋጀ። ይህን አልመክርም። አዳራሽ፣ ምግብ፣ ድምፅ ማጉያ ተከፍሎ የተረፈው ለልፋቱ አይመጥንም ነበር። ድፎ ዳቦ ለጨረታ ወጣ፤ ያሸነፈው ሰው መልሶ ለጨረታ ሰጠው፣ ሁለተኛውም እንዲሁ። ሆታው ደስ ይል ነበር። ችግሩ የመጣው በኋላ ነው። በዚያ ምሽት ደህና አድርጎ የሰጠ ሰው የዓመቱን ድርሻ እንደተወጣ ይቆጥረዋል። በወር አምስት መቶ ብር እንዲችለን ልንጠይቀው ስንሄድ «ያን ዕለት ሰጥቼ የለ እንዴ?» ይላል፤ ልክም ነው። ጨረታ ለጸሎት ቤት ቆርቆሮ ጥሩ ነው። ዓመት ሙሉ በየወሩ ለሚበላ ቤተሰብ ግን አይሆንም።

ነገሩ የተለወጠው አንድ ሱቅ ውስጥ ነው። ፒያሳ አካባቢ የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጡ የአጥቢያችን አባል አሉ። ገበያተኛ ስለነበር ጥግ ይዘን ጠበቅን። ጋሼ ሚስማር እየመዘኑ ባለቤቴ ስለ ቻድ፣ ስለ ጥሪው፣ ስለ ራእዩ አወራላቸው። መሐል ላይ ቀና አሉና «እሺ፣ ከእኔ የምትፈልጉት ስንት ነው?» አሉ። ባለቤቴ «ጌታ እንዳስቻልዎት ጋሼ» አለ። ሚዛኑ ላይ የነበረውን ሚስማር ፌስታል ውስጥ ገለበጡ፣ ከመሳቢያው ሁለት ሺህ ብር ቆጥረው ሰጡን፣ «ተባረኩ» ብለው ወደ ደንበኛቸው ዞሩ። አለቀ።

መንገድ ላይ ተጨቃጨቅን። እኔ «ቁጥር ጠየቁህ እኮ!» እላለሁ። እሱ «ይህን ያህል ስጠኝ ማለት ነውር አይደለም?» ይላል። ነውሩ ይገባኛል፣ እኔም እዚያው ነው ያደግሁት። ግን እኚህ ሰው ቀኑን ሙሉ ዋጋ ሲጠየቁና ዋጋ ሲናገሩ ነው የሚውሉት። ቁጥር ሲያጡ፣ እነዚህ ልጆች ራሳቸውም አያውቁትም ብለው ቢያስቡ ምን ይፈረዳል? ማታ አንድ ገጽ ወረቀት ላይ የወር ወጪያችንን በየረድፉ ጻፍኩ፤ የተሸፈነውን በአንድ በኩል፣ የጎደለውን በሌላ በኩል። ሌላ ቀን ይዤ ተመለስኩ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡ። የልጆቹ ትምህርት ቤት የሚለው ረድፍ ላይ ጣታቸውን አሳረፉና «ይህን ለእኔ ተዪልኝ፣ ዓመቱን ሙሉ» አሉ። ዓመቱን ሙሉም ቻሉ።

ከዚያ በኋላ መድረኩን ተውነውና ሰው ቤት ለሰው ቤት ሆነ ሥራችን። አዝጋሚ ነው፣ ቡና ብዛት እንቅልፍ ያሳጣል፣ ግን የጸናው ድጋፍ ሁሉ የተገኘው እንዲህ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ፤ ለምን እንደምትመጡም በስልኩ ላይ ተናገሩ። ለሰላምታ መጡ ብሎ ያስተናገደ ሰው መጨረሻ ላይ የገንዘብ ጥያቄ ሲመጣበት የተሸወደ ይመስለዋል። ሁለታችሁም ሂዱ። አማራጭ ስጡ፣ በወር 200፣ 500፣ 1,000 ብላችሁ። «እንጸልይበት» ካሉ እሺ በሉና ቀን ያዙ፤ «እንግዲያው በሚቀጥለው ሐሙስ ልደውል?» በሉ። ብዙ ሰው ይህን ያለው ሊሸኛችሁ ብሎ ሳይሆን ከባለቤቱ ጋር ሳይመክር መወሰን ስላልፈለገ ነው። እምቢ ካሉም ፊታችሁን አታጥቁሩ። እምቢ ካሉን መካከል የሻንጣውን ጉዳይ በራሳቸው የፈቱልን፣ ልጆቹን የሸኙልን፣ ጭራሽ ከሰጡት በላይ የጠቀሙን አሉ።

ዝርዝር ስታወጡ ደግሞ ከጸሎት ቤቱ ግቢ ውጡ። የሥራ ባልደረባ፣ የዕቁብ ጓደኛ፣ የድሮ የክፍል ጓደኛ ሁሉ ይግባ። ግድግዳ የምንጋራት ኦርቶዶክስ ጎረቤታችን «እኔ በሃይማኖታችሁ አልገባም፣ የታመመ ልጅ ለሚያክም ግን ከእኔም አይጠፋም» ብላ በየወሩ ትልክ ነበር። እሷን በዝርዝሩ ውስጥ የማስገባት ሐሳብ አልመጣልንም። ወሬውን ሰምታ ራሷ ነች በር ያንኳኳችው።

እንዲህ እያልን ሐምሌ ገባ። እኔ በጀቱን የሠራሁት በብር ነበር፣ በባንኩ ተመን አባዝቼ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ለቀቀው። ባንክ ላይ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር፣ ያውም ከተገኘ፣ በዚያው ዕለት 74 ብር ገባ፤ ነሐሴ ሳያልቅ መቶን አለፈ። ካሰባሰብነው ብር አንድ ሳንቲም አልጎደለም። ወደ ዶላር ሲመታ ግን ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረውም። የአውሮፕላን ትኬቱም አብሮ ተሰቀለ። ለመስከረም የያዝነው ጉዞ ወደ ጥር ተራዘመ። ባለቤቴ እዚህ የሚሠራበትን ክሊኒክ ለመልቀቅ ማስጠንቀቂያ አስገብቶ ስለነበር ያን ሰሞን ቤታችን ውስጥ ብዙም ሳቅ አልነበረም። በጥቁር ገበያ መንዝሩና ሂዱ ያሉን ሰዎች ነበሩ። ሕጉ እንዳለ ሆኖ፣ ደረሰኝ የሌለውን ነገር ለሰጪዎቹ ምን ብዬ ሪፖርት አደርጋለሁ?

ያወጣን ወጪውን ለሁለት መክፈላችን ነው። በብር የሚከፈለው አንድ ወገን፣ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈለው ሌላ ወገን። ትኬት፣ ፓስፖርት፣ ክትባት፣ የጋብቻና የልደት ማስረጃዎችን በፈረንሳይኛ አስተርጉሞ ውልና ማስረጃና ውጭ ጉዳይ ማስመታት፣ ለእናቴ በየወሩ የምንልከው፣ ዕድር፣ የዕቃ ማስቀመጫ፣ ይህ ሁሉ በብር ያልቃል። አገር ውስጥ የተሰበሰበው ወደዚህ ሄደ። የንጃሜናውን የቤት ኪራይ፣ ቀለብና ሕክምና ደግሞ ውጭ ላሉ ወዳጆቻችን አቀረብን። አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የባለቤቴ የልጅነት ጓደኛ የቤት ኅብረታቸውን አስተባበረ፤ አብዛኞቹ በወር ሃያ ዶላር ነበር የሚሰጡት፣ ተጠራቅሞ ግን ኪራዩን ቻለ። ዱባይ ያሉ ሁለት የአጥቢያችን ልጆችም ተጨመሩ። ገንዘቡ ሀዋሳን ሳይረግጥ በቀጥታ ለጠራችን ቤተ ክርስቲያን ይላክ ነበር። መነሻ የሚሆነንን ትንሽ ዶላር ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት ይዘን ከባንክ ገዛን። ብር ለብር፣ ዶላር ለዶላር ካደረጋችሁት ምንዛሪ ሲዘል እናንተ ብዙም አትዘሉም።

ይህን ሁሉ አስልቼም አንድ ነገር አመለጠኝ። ቻድ የሚሠራው በሴፋ ፍራንክ ነው፤ ሴፋ ደግሞ ከዩሮ ጋር የታሰረ ነው፣ አንድ ዩሮ በ655.957። እኛ እዚያ በገባንበት፣ በፈረንጆቹ 2025 የመጀመሪያ ወራት ዶላር በዩሮ ላይ ከአሥር በመቶ በላይ ወረደ። የሲልቨር ስፕሪንጎቹ ያው ዶላር ይልካሉ፣ እኛ እጅ የሚገባው ፍራንክ ይቀንሳል። የምትሄዱበት አገር ገንዘብ ከምን ጋር እንደታሰረ እወቁ፤ በበጀቱ ላይ አሥራ አምስት በመቶ መጠባበቂያ ጨምሩ። ለአስተማማኝነት ብዬ አይደለም፣ እኛ በልተነዋል።

በጀት ውስጥ ሰው ከሚረሳው ዋናው አገር ቤት የሚቀረው ነው። እናቴ በእኛ ነው የምትኖረው። «ለጌታ ሥራ ስትሄዱ እኔን ለማን ትታችሁ ነው?» ብላ ባትናገርም ፊቷ ላይ ይነበብ ነበር። ስለዚህ የእሷን ወርሃዊ በወረቀቱ ላይ ራሱን የቻለ ረድፍ አደረግነው። አንድ የኮሚቴ አባል «ይህ የሚሽን ወጪ ነው?» ብሎ ነበር። ነው። እናቱ የተራበችበት ሰው እዚያ ሄዶ ምን ልብ ይኖረዋል? ዕድሩንም ዓመቱን ሙሉ ቀድመን ከፈልን፤ ቀብር ላይ ስም ሲጠራ በእኛ ፈንታ የሚቆም ተወካይ አስመዘገብን። ይህን ያላደረገ ሰው ሲመለስ ከአገልግሎቱ ይልቅ ስለ ዕድሩ ቅጣት ነው የሚያወራው።

ገንዘቡን በግል ሂሳባችሁ አትቀበሉ። በአጥቢያው ስም ሦስት ፈራሚ ያለው ሂሳብ ይከፈት፣ ቴሌብርም ከሆነ እዚያው ይግባ። እናንተ ምንም ባታጠፉ አንድ ወሬ ይበቃል።

ጥር ላይ ከጥምቀት በኋላ ሄድን። ስለ ቻድ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ፤ ሙቀቱ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፣ መብራት ይጠፋል፣ እኛ ደግሞ ለጄነሬተር ነዳጅ አልበጀትንም ነበር። ሽሮና በርበሬ ግን ሻንጣ ሙሉ ነበረን።

ድጋፉ የሳሳው ወደ አጋማሹ ነው። ይህ የማይቀር ነው። ሰው ሥራ ይለቅቃል፣ ይወልዳል፣ ይረሳል። እኛ ከዚያ ሆነን «አልላክህም» ማለት አንችልም፤ አያምርም። ያዳነን አስታዋሽ መሰየማችን ነው። ከባንክ ጡረታ የወጡ፣ ሰው የማይፈሩ፣ ሰውም የሚወዳቸው እናት አሉን። ደመወዝ በወጣ በማግስቱ ዝርዝሩን ይዘው ይቀመጡና ይደውላሉ፦ «ልጄ እንደምን አለህ፣ እናትህስ ተሻላቸው? በል የልጆቹን ነገር እንዳትረሳት።» ማንም አልተቀየማቸውም። እንዲህ ያለ ሰው ሳታገኙ አትሂዱ። በየወሩ በራሱ እንዲተላለፍ ባንካቸውን ያዘዙ ደጋፊዎች ደግሞ አንዱም አላቋረጡም፤ ስለዚህ ፈቃደኛ የሆነውን ሁሉ ከመሄዳችሁ በፊት ባንክ ድረስ አብራችሁት ሂዱ።

የእኛ ሥራ መጻፍ ነበር። በየወሩ መጨረሻ በቴሌግራም አጭር ደብዳቤና የድምፅ መልእክት እንልካለን። መጀመሪያ ላይ መልካም መልካሙን ብቻ ነበር የምንጽፈው፤ መልስ የሚሰጠንም ጥቂት ነበር። ትንሹ ልጃችን ወባ ይዞት የከረመበትን ወር እንደነበረ ጻፍን፤ ስልካችን አላርፍ አለ። ከዚያ ወዲህ የተበላሸውንም እንጽፍ ጀመር። የወሩን ገቢና ወጪም በአራት መስመር ከታች አስቀምጣለሁ። የታካሚ ፎቶ ግን አልላክንም። ደጋፊዎች ይጠይቃሉ፣ ፎቶ ልብ ይነካል ይላሉ። የአልጋ ላይ ሰው ለገንዘብ ማሰባሰቢያ አይሆንም፤ እኛ ጋ ሐኪም ቤት ተኝተን እንግዳ ሰው ፎቶ ቢያነሳን ምን እንል ነበር?

የመመለሻውንም ወራት በበጀቱ አስገቡ። ደጋፊ ቤተሰቡ ቦሌ ያረፈ ዕለት ነገሩ ያበቃ ይመስለዋል። እኔ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወስጄ ስለነበር ወደ ቦታዬ ተመለስኩ፤ ባለቤቴ ግን ሥራ ፍለጋ ላይ ወራት አሳለፈ። አማቴ አስቀድመው «ስትመለሱም ትበላላችሁ እኮ» ብለው ስለወተወቱን፣ ደጋፊዎቹን ከመጀመሪያው ከተመለስን በኋላ ለሦስት ወር እንዲቀጥሉ ጠይቀን ነበር። አብዛኞቹ ቀጠሉ። ዕቃችሁንም አትሽጡ። እኛ ሶፋና ፍሪጃችንን ሸጠን ሄደን፣ ስንመለስ በዚያ ብር የሚገዛው አንዱ ብቻ ሆነ። ዘመድ ቤት አንድ ጥግ ለምኑና አስቀምጡት፣ ላስቲክ አልብሱት፣ አይጥ እንዳይገባበት ደግሞ አልፎ አልፎ የሚያይላችሁ ሰው ይኑር።